መሣሪያ በሰው ልክ፤ ወይስ ሰው በመሣሪያ ልክ?

ልብስ ሰፊ ዘንድ የሄደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ልኩን ነው። ሰፊው ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡንና የክንዱን ርዝመት ለክቶ በወረቀት ላይ ካሰፈረ በኋላ ነው መቀሱን የሚያነሣው። ልብሱ ተሰፍቶ ሲለበስ እጅጌው ቢያጥር፣ ባለልብሱ «ጥፋቱ የክንዴ ነው፤ ክንዴ ከመጠን በላይ ረዝሟል» ብሎ ራሱን ሲወቅስ የሰማ ሰው የለም። ወቀሳው በቀጥታ ወደ ሰፊው ይሄዳል፤ ልብሱም ተፈትቶ ይታረማል።

በልብስ ላይ ይህን ያህል ጠንቃቆች የሆንን ሰዎች ወደ ሌላው መሣሪያ ስንመለስ ግን ነገሩ ይለወጥብናል። የምንቀመጥበት ወንበር፣ የምንጽፍበት ጠረጴዛ፣ የምንይዘው መቀስ፣ የምንጫወትበት ዱላ ሁሉ እኛን ሳይለካ ተሠርቶ ይመጣል፤ እኛም እንደ መጣ እንቀበለዋለን። ሳይስማማን ሲቀር ደግሞ የምንወቅሰው መሣሪያውን ሳይሆን ሰውነታችንን ነው። «እጄ አይታዘዝልኝም»፣ «ወገቤ ደካማ ነው»፣ «ይህ ሥራ ለኔ አልተፈጠረም» እንላለን። ይህ አስተሳሰብ ስንት ሰው ከሚወደው ሥራና ትምህርት እንዳስቀረ መገመት አያስቸግርም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነገር ሲሆን ምሳሌያችንን የምንወስደው ከጎልፍ ጨዋታ ነው።

«ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ጎልፍ የሚጫወት ስንት ሰው አለና ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙ የለም። ዳሩ ግን የሰው አካልና የመሣሪያው መስማማት ወይም አለመስማማት በጎልፍ ዱላ ላይ እንደሚታየው ያህል ጎልቶ የሚታይበት ሥራ ጥቂት ነው። የጎልፍ ኳስ ክብደቷ ከ46 ግራም አይበልጥም፤ ስፋቷም 43 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጨዋታው ይህችን ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፣ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ወደ ተቆፈረ ጉድጓድ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ማግባት ነው። የዱላው ራስ ከኳሷ ጋር ተነካክቶ የሚቆየው የአንድ ሰከንድ ሺህኛ ክፍል ግማሽ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት በጥቂት ዲግሪ ቢዛባ፣ ኳሷ ሩቅ ሄዳ በብዙ ሜትር ትስታለች። ስለዚህ በእጅ ላይ ሳለ የማይታወቀው የልክ ጉድለት በሜዳው ላይ ተባዝቶ ይታያል።

ደግሞም ነገሩ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በገጠር ያደገ ሁሉ የገናን ጨዋታ ያስታውሳል። ልጁ በገና ሰሞን ወደ ጫካ ገብቶ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ እንጨት ይፈልጋል። ቆርጦና ልጦ በእጁ እየወዘወዘ ይሞክረዋል፤ ሲረዝምበት ካናቱ ያሳጥረዋል፤ ሲከብደው ይጠርበዋል። የታላቅ ወንድሙ ዱላ ለታናሹ እንደማይሆን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ገበሬውም ቢሆን ሞፈርና ቀንበሩን እንደ በሬዎቹ ቁመትና እንደ መሬቱ ጠባይ ያስተካክላል እንጂ በሬዎቹን ለቀንበሩ ሲል አያሳጥርም። መሣሪያን ከባለቤቱ ጋር ማስማማት አባቶቻችን የሚያውቁት ጥበብ ነበር ማለት ነው። የረሳነው መሣሪያውን ከሱቅ መግዛት ከጀመርን ወዲህ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ባይናችን ያየነውን እንንገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአሜሪካ አገር በዋሽንግቶን ከተማ አጠገብ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ታላቅ ዘመዳችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቻቸው ጋብዘዋቸው ጎልፍ ጀምረው ነበርና፣ ሌላ ሰው ሲጫወትበት የኖረ አንድ ቦርሳ ሙሉ ዱላ በርካሽ ዋጋ ገዝተው በዚያው ሁለት ዓመት ሙሉ ደከሙ። ኳሷ ግን ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ትሄድባቸዋለች። ለአስተማሪ ገንዘብ ከፈሉ፤ አስተማሪውም «እጅዎ ይዘገያል» አላቸው። እጃቸውን ለማፍጠን ቢታገሉ አልሆነም። ዱላው አጭር ስለሆነባቸው ወደ ኳሷ ለመድረስ ከወገባቸው አለመጠን ይጎነበሱ ነበርና፣ ማታ ማታ ጀርባቸውን በሙቅ ውሃ ማሳረፍ ልማድ ሆነባቸው።

እኛ በሄድንበት ጊዜ ዱላዎቹን ከቤታቸው ጓዳ ጥለዋቸው አገኘን። ስንጠይቃቸውም፣ «ይህ ጨዋታ ለኛ ዓይነቱ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ከሕፃንነቱ ያልጀመረ ሰው አይሳካለትም» አሉን። አነጋገራቸው ቀልድ ይመስላል፤ ፊታቸው ላይ ግን ቅሬታ ነበረበት። ጓደኞቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሜዳ ሲሄዱ እሳቸው ምክንያት እየፈጠሩ መቅረት ጀምረው ነበር። ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ከሰው የሚያርቃቸው ሆኗል።

በሚቀጥለው ቀን አንድ ጎረቤታቸው ግድ ብሎ ዱላ በልክ ወደሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ወሰዳቸው፤ እኛም አብረን ሄድን። ባለሙያው በዕድሜ የገፋ፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ሰው ነበር። አዲስ ዱላ ሊሸጥልን ይሞክራል ብለን ስንጠብቅ፣ ጋሼን ቀጥ ብለው እንዲቆሙና እጃቸውን እንዲያወርዱ አድርጎ ከእጃቸው አንጓ እስከ ወለሉ ድረስ ለካ። ቁመታቸውን ጠየቀ፤ የመዳፋቸውንና የጣታቸውንም ርዝመት አየ። ከዚያ በኋላ በዱላቸው ራስ ሥር፣ መሬት በሚነካው በኩል፣ የሚጣበቅ ወረቀት ለጥፎ ከጠንካራ የላስቲክ ሰሌዳ ላይ አቁሞ ሰባት ስምንት ኳስ አስመታቸው። ዱላውን ገልብጦ ሲያሳየን፣ ሰሌዳው ወረቀቱን የፋቀበት ምልክት በሙሉ ከመካከል ርቆ ወደ ዱላው ራስ ጫፍ ሄዷል። እንደ ገናም በኳሷ ላይ በቀለም ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረና መሥመሩን ወደ ዱላው አዙሮ አስመታቸው። መሥመሩ በዱላው ፊት ላይ ሲታተም አዘንብሎ ተገኘ። ቀጥ ብሎ መቆም ነበረበት።

ባለሙያውም፣ «ጌታዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የታገሉት ከኳሷ ጋር ሳይሆን ከዱላው ጋር ነው» አላቸው። ዱላው የተሠራው ከሳቸው በጣም ለሚያጥር ሰው ነበር። ረጅም ሰው አጭርና ዝቅ ብሎ የተጋደመ ዱላ ሲይዝ የራሱ ጫፍ ወደ መሬት ይተክላል፤ ፊቱም ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ኳሷም ፊቱ ወዳየበት ትሄዳለች። በዚህ ረገድ የጋሼ እጅ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ሰውየው የዱላዎቹን ራስ በማሠሪያ አጥብቆ አንድ በአንድ በ3 ዲግሪ ያህል አቀናቸው፤ ዘንጋቸውን በ1 ኢንች፣ ማለትም በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ አስረዘመው፤ መጨበጫውንም ወፈር ባለ ለወጠው።

ከዚያስ ምን ሆነ? ተአምር አልሆነም። በፊት ከአሥሩ ኳስ ዘጠኙ ወደ ቀኝ ይሄድ የነበረው አሁን ግማሽ ያህሉ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ የቀረው ወዲያና ወዲህ ተበተነ። ጋሼ በደስታ ሲስቁ ባለሙያው ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የሚስተው የእርስዎ ነው» አላቸው። ይህችን ቃል አልረሳናትም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣችንም እርሷ ናት።

ለመሆኑ ዱላን በልክ ማሠራት ሲባል የሚለካው ምንድን ነው? አንደኛው ርዝመቱ ነው። ርዝመት በቁመት ብቻ አይወሰንም። ሁለት እኩል ቁመት ያላቸው ሰዎች አንዱ ክንደ ረጅም፣ ሌላው ክንደ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ከእጅ አንጓ እስከ መሬት የሚለካውም ስለዚህ ነው። በገበያ ጨርቅ በክንድ ይለካ በነበረበት ዘመን ገዢው ክንደ ረጅም ወዳጁን ይዞ ይሄድ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሁለተኛው ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን ነው። የዱላው ራስ ሥር በሚመታበት ጊዜ መሬት ላይ ተስተካክሎ ማረፍ አለበት። በቀኝ ለሚመታ ሰው ማዕዘኑ ከልኩ በላይ የቆመ ከሆነ ኳሷ ወደ ግራ፣ ከልኩ በታች የተጋደመ ከሆነ ወደ ቀኝ ታደላለች። ሦስተኛው የመጨበጫው ውፍረት ሲሆን ይህ ከመዳፍና ከጣት መጠን ጋር ይሄዳል።

አራተኛው የዘንጉ ክብደትና የመተጣጠፍ ችሎታው ነው። ዘንግ ከብረት ወይም ከካርቦን ክር ይሠራል፤ የካርቦኑ ከብረቱ ይልቅ በብዙ ይቀላል። አንዳንዱ እንደ ልምጭ ይታጠፋል፤ አንዳንዱ እንደ አጣና ይደርቃል። በዝግታ ለሚመታ ሰው ቀላልና ታጣፊው፣ በኃይል ለሚመታ ሰው ከባድና ደረቁ ይስማማዋል። በዓለም የታወቁት ባለሙያ ተጫዋቾች ትልቁን ዱላ ሲሰነዝሩ የዱላው ራስ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል፤ መደበኛው ወንድ ተጫዋች ግን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ጀማሪው ሰው «ሻምፒዮኑ የያዘው ይህን ነው» ብሎ የሻምፒዮኑን ዱላ ቢገዛ የገዛው የሌላ ሰው ኃይል የሚጠይቅ ዕቃ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሏል ይህ ነው። ከዚህም ሌላ በዘንግ ላይ የሚጻፈው «ደረቅ» ወይም «መካከለኛ» የሚለው ምልክት በፋብሪካዎች መካከል የጋራ ሚዛን የለውም። የአንዱ ፋብሪካ ደረቅ የሌላው መካከለኛ ሊሆን ይችላልና ጽሑፉን አንብቦ ከመግዛት ይልቅ መትቶ መሞከር ይሻላል።

በዛሬው ጊዜ ይህን ሁሉ ለመለካት ራዳር ሳይቀር ይሠራበታል። በ2003 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዴንማርክ አገር የተቋቋመው ትራክማን የተባለ ኩባንያ የኳሷን ፍጥነት፣ የምትነሣበትን ማዕዘንና የምትሽከረከርበትን መጠን በራዳር እየለካ የሚያሳይ መሣሪያ አወጣ። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የሚጣበቅ ወረቀት፣ የቀለም እርሳስና የልብስ ሰፊ ሜትር የሚናገሩት እውነት ራዳሩ ከሚናገረው ጋር ይስማማል። ዋናው ነገር የመለኪያው ውድነት ሳይሆን የመለካት ፈቃድ ነው።

የጎልፍን ታሪክ ያጠና ሰው ዱላ በልክ መሠራቱ አዲስ ፈሊጥ እንዳልሆነ ያያል። በጽሑፍ ተመዝግቦ የተገኘው የመጀመሪያው የጎልፍ ዱላ ግዢ በ1502 ዓ.ም. የስኮትላንድ ንጉሥ አራተኛው ጀምስ የፈጸመው ነው። ንጉሡ ዱላዎቹን የገዛው ፐርዝ በምትባለው ከተማ ከሚኖር ቀስት ሠሪ ነበር። ቀስት ሠሪ ደግሞ የእንጨትን መለመጥና የሰውን ክንድ ማስማማት ዋና ሙያው ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ዱላ የሚሠራው አንድ በአንድ በእጅ ነበር። ዘንጉ ከእንጨት ሲሆን ሠሪው እየላገ ለገዢው እጅ ያስማማዋል።

የብረት ዘንግ በአሜሪካ በ1924 ዓ.ም.፣ በብሪታንያ በ1929 ዓ.ም. በጨዋታው ሕግ ተፈቀደ። ብረት አይሰነጠቅም፤ በፋብሪካ በብዛት ይሠራል፤ አንዱ ከሌላው አይለይም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር። ጨዋታው ከጥቂት ባለጸጎች እጅ ወጥቶ ለብዙ ሰው የደረሰው አንዱም በዚህ ምክንያት ነውና ፋብሪካን መንቀፍ አይገባንም። ሆኖም ፋብሪካው ለማን ልክ ይሥራ? ለአንድ «መካከለኛ ሰው» ልክ ነው የሠራው። ከዚህ ሰው የረዘመ፣ ያጠረ፣ የወፈረ ሁሉ፣ ሴቶችም ጭምር፣ ራሳቸውን ከእርሱ ጋር ያስማሙ ዘንድ ተተዉ።

መካከለኛው ሰው የት እንዳለ ለማወቅ ግን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በ1950 ዓ.ም. የአሜሪካ አየር ኃይል የአውሮፕላን መቀመጫዎችን ለማሻሻል ብሎ ከ4000 በላይ አብራሪዎችን አስለካ። ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት መኮንን ከተለኩት 4063 አብራሪዎች መካከል በ10 የአካል ልክ ሁሉ ወደ መካከለኛው የሚጠጋው ስንት እንደሆነ ቆጠረ። መልሱ አንድም ሰው የለም የሚል ሆነ። ቁመቱ መካከለኛ የሆነው ክንዱ ይረዝማል፤ ክንዱ መካከለኛ የሆነው ደረቱ ይሰፋል። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተሠራው መቀመጫ በእውነቱ ለማንም ልክ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አየር ኃይሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ መቀመጫ፣ የሚረዝምና የሚያጥር ማሠሪያ እንዲሠራ ጠየቀ። ዛሬ በየመኪናው ውስጥ መቀመጫ ስናስተካክል የምንሠራው በዚሁ አሳብ ነው።

በጎልፍም በኩል ይህን አሳብ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ካርስተን ሶልሃይም ነው። በ1911 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ ተወለደ፤ በሕፃንነቱም ወደ አሜሪካ ሄደ። የምሕንድስና ትምህርት ቢጀምርም በዚያ በታላቁ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ገንዘብ አጥቶ አቋረጠና እንደ አባቱ ጫማ ሰፊ ሆነ። በኋላም ወደ ምሕንድስና ተመልሶ ጎልፍን የጀመረው ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው። ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ማስገባት ቢያስቸግረው በ1959 ዓ.ም. በቤቱ ጋራዥ ውስጥ የራሱን ዱላ ሠራ። ዱላው ኳስ ሲመታ በሚያሰማው ድምፅ «ፒንግ» ብሎ ሰየመው፤ ያቋቋመውም ኩባንያ በዚሁ ስም ይጠራል። ኩባንያው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለያንዳንዱ ተጫዋች በቁመቱና ከእጅ አንጓው እስከ መሬት ባለው ርቀት ተገቢውን ማዕዘን በቀለም ምልክት የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ። ጫማ ሰፊ የነበረ ሰው «ሰው ሁሉ አንድ ልክ ነው» የሚለውን አለመቀበሉ አያስደንቅም። በጠባብ ጫማ የሚያነክስን ሰው «እግርህን አሳጥር» የሚል ጫማ ሰፊ የለምና።

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ወገን ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሊሰማ የሚገባው ተቃውሞ አለ። አንዳንድ ሰዎች፣ «ይህ ለሰነፍ ሰበብ መስጠት ነው፤ ጋገራ የማታውቅ ሴት በምጣዱ ታሳብባለች፤ ኳስ መምታት የማያውቅም በዱላው ያሳብባል» ይላሉ። አንዳንድ አስተማሪዎችም፣ «ጀማሪ ሰው ገና አመታቱን ስላላወቀ ዱላውን ከተበላሸ አመታቱ ጋር ብናስማማለት ስሕተቱን በብረት ላይ አጸናንለት ማለት ነው» ይላሉ። ይህ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። መጀመሪያ ይማር፣ ኋላ ይለካ የሚሉትም ስለዚህ ነው።

እንደ እኛ አስተያየት ግን ሁለቱን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከአካል ጋር የሚሄድ ልክ አለ፤ ከልማድ ጋር የሚሄድ ልክም አለ። ቁመት፣ የክንድ ርዝመትና የመዳፍ ስፋት በትምህርት አይለወጡም። ስለዚህ የዱላው ርዝመት፣ በቁመቱ መሠረት የሚገመተው ማዕዘንና የመጨበጫው ውፍረት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊስተካከል ይገባል። ይህን ያልተደረገለት ጀማሪ ትክክለኛውን አመታት ሊማር አይችልም፤ የሚማረው ከማይስማማ ዱላ ጋር ተጣጥሞ የመኖርን ዘዴ ነው። የጋሼ ጎባጣ አቋቋም በሁለት ዓመት ልፋት የተማሩት ስሕተት ነበር። የዘንጉ ደረቅነትና የመሳሰለው ግን ከአመታት ኃይልና ስልት ጋር ይሄዳልና፣ ስልቱ ሲረጋ፣ ኋላም በየጊዜው እንደ ገና ሊለካ ይገባዋል።

ሰበብ መስጠት ነው ለሚለውም መልሳችን ተቃራኒው ነው። ሰበብ የሚኖረው ሳይለካ ሲቀር ነው። ያልተለካ ሰው ኳሷ ስትስት ዛሬ ዱላውን፣ ነገ ነፋሱን፣ ከነገ ወዲያ ዕድሉን ሊወቅስ ይችላል፤ ወይም እንደ ጋሼ ያለ ቅን ሰው ከሆነ የዱላውን ጥፋት ሁሉ በራሱ ላይ ይከምራል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ ናቸው። ከተለካ በኋላ ግን የመሣሪያው ድርሻ ይታወቃል፤ ቀሪው ድርሻ የባለቤቱ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ የሚስተው የእርስዎ ነው» ያለው ባለሙያ ለጋሼ የሰጣቸው ይህን ነው፦ የሌላውን ጥፋት ከጀርባቸው አወረደላቸው፤ የራሳቸውንም ጥፋት ሳያሳንስ አስረከባቸው።

ወጪውን የሚያነሣ ሰው ቢኖር ትክክል ነው። በልክ ማሠራት በውጭ አገርም ቢሆን ርካሽ አይደለም፤ ነጋዴውም ለማይረባ ነገር ሊያስወጣን ይችላል። ነገር ግን ጋሼ አዲስ ዱላ አልገዙም፤ ያንኑ አሮጌውን አሳረሙ እንጂ። ውድ ሆኖ ልክ ያልሆነ ዕቃ፣ ርካሽ ሆኖ ልክ ከሆነው ዕቃ ያነሰ ነው።

አሁን ደግሞ ከጎልፍ ሜዳ ወጥተን ወደ ተማሪው ክፍልና ወደ ወጣቱ ሠራተኛ ጠረጴዛ እንመለስ። በብዙ የትምህርት አዳራሽ ውስጥ መጻፊያው ሳንቃ ከቀኙ በኩል የተተከለለት ወንበር ይገኛል። ግራኝ የሆነው ተማሪ በዚህ ወንበር ላይ ሰውነቱን ጠምዝዞ ሲጽፍ፣ ጽሕፈቱ ሲዘገይና ሲያስቀይም፣ «ይህ ልጅ ዝርክርክ ነው» ይባላል። ልጁም በመጨረሻ ያምናል። ወንበሩን ማንም አልመረመረም። ረጅሙ ተማሪ ጉልበቱ የማይገባበት ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቁነጠነጥ ትኩረት እንደሌለው ይቆጠራል። ወጣቱ የቢሮ ሠራተኛ የኮምፒዩተሩ መስኮት ከዐይኑ በታች ወርዶበት አንገቱን ደፍቶ ሲውል፣ ከሰዓት በኋላ የሚይዘውን ራስ ምታት ከራሱ ድካም ይቆጥረዋል። ከመስኮቱ ሥር ሁለት ወፍራም መዝገብ ቢያስገባ፣ ከወንበሩም ላይ አንድ ትራስ ቢጨምር ምናልባት ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ነገር አልሳካ ሲላችሁ «አልችልም» ከማለታችሁ በፊት መለኪያ አንሡ። የያዛችሁት መሣሪያ ለእናንተ ተሠርቷልን? የምትቀመጡበት፣ የምትጽፉበት፣ የምትሠሩበት ነገር ከቁመታችሁና ከእጃችሁ ጋር ይስማማልን? ሊታረም የሚችለውን አርሙ። ከዚያ በኋላ ግን ሰበብ አትፈልጉ። ወንበሩ ከተስተካከለ በኋላ ያልተነበበው መጽሐፍ፣ ጠረጴዛው ከተስተካከለ በኋላ የዘገየው መዝገብ የራሳችሁ ነው። ለዚህኛው መድኃኒቱ ሜትር ሳይሆን ልምምድ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና።

ነገ ደግሞ ከእናንተ መካከል አለቃ፣ አስተማሪና የክፍል ሹም የሚሆን አለ። የበታች ሠራተኛችሁ ወይም ተማሪያችሁ ሥራው ሲበላሽበት ቃል ከመናገራችሁ በፊት ያንን ሽማግሌ ባለሙያ አስታውሱት። እርሱ ጋሼን «እጅዎ ይዘገያል» አላላቸውም፤ አስቀድሞ ለካ። ከመለካቱ በፊት የሚመጣ ወቀሳ ግምት ብቻ ነው። ግምት ደግሞ አንድን ሰው ለሁለት ዓመት ጀርባውን ሊያሳምመው፣ ከወዳጆቹም ሊያርቀው እንደሚችል ባይናችን አይተናል።

ጋሼ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሜዳ ይሄዳሉ። በቅርቡ በስልክ ስንጠይቃቸው፣ «አሁንም እስታለሁ፤ ነገር ግን የምስተው እኔ ነኝ» ብለው ሳቁ።